አሮጌው ይበቃን ነበር

እኔና እኅቴ አባታችንን «አባባ» ብለን ጠርተን አናውቅም። የቅኔ መምህር ናቸው። ቤታችን ከማንኩሳ ወጣ ብሎ ካለች አንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነው። ልጆች ሳለን በዙሪያችን ያለው ሰው ሁሉ «የኔታ» ስለሚላቸው እኛም ያንኑ ይዘን ቀረን። እናታችን በሕይወት ሳሉ በዚህ ይስቁ ነበር። «እኔ ልጅ የወለድሁ መስሎኝ ለካ ተማሪ ነው የጨመርሁላቸው» ይሉ ነበር።

የየኔታ ጉባኤ ሲባል ትልቅ ሕንፃ እንዳይመስላችሁ። ጥቂት የሣር ጎጆዎች፣ አንድ ያረጀ ወይራ፣ ከወይራው ሥር እሳቸው የሚቀመጡበት የድንጋይ መደብ፣ በቃ ይኸው ነው። ተማሪው ከየአገሩ ይመጣል፤ ጎጆውን ይቀልሳል፤ አኩፋዳውን አንጠልጥሎ በየመንደሩ ይለምናል፤ የቀረውን ቀን ከየዛፉ ሥር ሆኖ ቅኔውን ሲያወጣ ሲያወርድ ይውላል። እኔ በዚያ መሀል አድጌ ቅኔ ያልገባኝ ሰው ነኝ። የኔታ ገና በልጅነቴ ተስፋ ቆርጠውብኝ ዘመናዊ ትምህርት ቤት አስገቡኝ፤ ስለዚህም ቂም የለኝም።

ከዚያ አገሩ ሰላም አጣና መንገዱ ተበላሸ። ደበሎ የለበሰ ጎረምሳ ከመንደር ወደ መንደር ሲሄድ ምግብ የሚሰጠው ሰው ሳይሆን «ከየት መጣህ፣ የማን ነህ» የሚለው ሰው በዛ። ወላጆች ልጆቻቸውን አስጠሩ። አንዱ ሲሄድ ጓደኛው ተከተለ፤ ጓደኛው ሲሄድ የቀረው ፈራ። በመጨረሻ ጎጆዎቹ ባዶ ሆነው ከብት ክዳናቸውን እየነጨ በላው። የኔታ ግን ጠዋት ጠዋት እየወጡ ያው መደባቸው ላይ ይቀመጡ ነበር። ከምኖርበት ከተማ ልጠይቃቸው ስሄድ እዚያው አገኛቸዋለሁ፤ ስመለስም እዚያው ትቻቸው እመለሳለሁ።

በዚያው ሰሞን ዓይናቸው ደከመ። ባሕር ዳር ወስጄ ያሳየኋቸው ሐኪም የዓይን ግፊት ነው አለኝ። የጠፋው አይመለስም፤ ጠብታው የቀረውን ለጊዜው ይይዘው እንደሆነ ነው እንጂ ለዘለቄታው አያድነውም። ለምን ያህል ጊዜ ብዬ ብጠይቀው ቁርጡን ሊነግረኝ አልወደደም። «የሚያዩት ነገር ካለ ቶሎ ይዩ» አለኝና ቀጣዩን በሽተኛ ጠራ። ለሐኪም እንዲህ ማለት ቀላል ነው።

ፍኖተ ሰላም ላይ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቅ አለኝ። ማመልከቻ እተይባለሁ፣ የሠርግ ጥሪ ወረቀት እሠራለሁ፣ ሥራ ሲጠፋ ደግሞ አሮጌው ኮምፒውተር ላይ ጌም እነካካለሁ። እዚያ ኮምፒውተር ላይ አንድ ጓደኛዬ ከዩኒቨርሲቲ ሲመለስ በፍላሽ ያመጣው የጌም መሥሪያ ፕሮግራም ነበር። ተጫዋቹ አንድ ሰው ሆኖ ካርታ ላይ የሚሄድበት፣ ቤት የሚገባበት፣ ያገኘውን ሰው የሚያነጋግርበት ዓይነት ጌም ይሠራል። ኮድ መጻፍ አያስፈልግም፤ መሬቱን በትንንሽ አራት ማዕዘን እያነጠፍክ፣ ዛፍ እየተከልክ፣ ሰው እያቆምክ ትሄዳለህ። ዘመኑ ያለፈበት ፕሮግራም ነው። እኔ ግን ወድጄዋለሁ፤ አይጣደፍም፣ ምንም አይጠይቅም፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ ካቆመበት ይቀጥላል።

የኔታ ቶሎ ሊያዩት የሚገባው ምንድን ነው ብዬ ሳስብ ከጉባኤያቸው ሌላ አልመጣልኝም። ተማሪዎቹን ከየተበተኑበት ልሰበስብላቸው አልችልም። ጉባኤውን ከነተማሪዎቹ ስክሪን ላይ ሠርቼ፣ ዓይናቸው ሳይዘጋ አንድ ጊዜ እንዲያዩት ማድረግ ግን ከአቅሜ በላይ አልመሰለኝም። የሞኝ ሐሳብ ሊሆን ይችላል። ሌላ ግን አልነበረኝም።

ፕሮግራሙ ይዞ የሚመጣው ሥዕል ሁሉ የፈረንጅ ነው፤ ቤተ መንግሥት፣ ሰይፍ፣ ዘንዶ። ጀግናውን ጋሻና ካባውን አስወልቄ ደበሎ አለበስኩት፤ በሰይፉ ፋንታ ዱላ አስያዝኩት። ነጭ ጢም ያለው ጠንቋይ ነበር፤ ቆቡን አንስቼ ጥምጥም ጠመጠምኩለትና የኔታ አደረግኩት። እኅቴ ስታየው «አባታችንን ከጠንቋይ ሠራኸው» ብላ ተቆጣች፤ ቆይታ ግን አፍንጫው ቁርጥ እሳቸው እንደሆነ አመነች። ዘንዶውን አጥፍቼ የመንደር ውሻ ተካሁበት። የቆሎ ተማሪ የነበረ ሰው ሁሉ ይህን ውሻ ያውቀዋል።

ችግር የሆነው ጽሑፉ ነው። ፕሮግራሙ ግእዝ ፊደል አያውቅም፤ ዛሬ ሁላችን በምንጽፍበት አማርኛ ብትተይብለት የባዶ ሳጥን ሰልፍ ያወጣልሃል። እኔ ግን የጽሕፈት ቤት ሰው ነኝ፤ የድሮውን የግእዝ ፎንት አውቀዋለሁ። ያ ፎንት ከሥሩ የፈረንጅ ፊደል ነው፤ ላዩ ላይ ብቻ የእኛን ቅርጽ ያለብሰዋል። አሮጌው ፕሮግራም ሥሩን ያያል፣ አንባቢው ላዩን ያያል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል። በዚያ ፎንት የመንደሩን ስም፣ የወንዙን ስም፣ እህል የሚሰጡትን ሴቶች ንግግር፣ የማይሰጡትንም ንግግር ሁሉ ተየብኩ። እንዲህ የተመቸኝ ሥራ ትዝ አይለኝም።

በኅዳር የኔታ ጠብታ ሊገዙ ፍኖተ ሰላም መጡና ሱቅ አስቀመጥኳቸው። ስክሪኑን ወደ እሳቸው አዞርኩት። አሮጌው ፕሮግራም ሥዕሉ ትንሽ ስለሆነ ስክሪን ሲሞላ ጎርበጥ ጎርበጥ ይላል፤ አንድ ድንጋይ ጡጫ ያህላል፣ የጎጆ በር መዳፍ ያህላል። ሌላ ሰው አስቀያሚ ነው ይለዋል። የኔታ አፍንጫቸው ስክሪኑን እስኪነካ ቀርበው ተመለከቱት። ከዚያ ጣታቸውን አንዱ ጎጆ ላይ አኖሩ።

«ይች ከወይራዋ ሥር ያለችው ናት» አሉ። «በሯ ወደ ምሥራቅ ነበር እኮ። ለምን ወደ ደቡብ አደረግሃት?»

አስተካከልኩት። አዩ፣ በዓይናቸው አዩ። መደባቸውንም አገኙት። ወይራው ዘንበል የሚለው ወዴት እንደሆነ ነገሩኝ። ከዚያ ዘወር ብለው «ሰው የለባትም» አሉኝ።

«ገና ነው የኔታ። ቤቱን አስቀድሜ ነው፤ ተማሪዎቹ አሁን ይገባሉ።»

«እንግዲያ ፍጠን» አሉኝ። የኔታ ማንንም ፍጠን ሲሉ ሰምቼ አላውቅም።

እኅቴ የመጣችው በዚያው ሳምንት ነው። ቡሬ ኮሌጅ ውስጥ ኮምፒውተር ታስተምራለች፤ ከእኔ ብዙ ታውቃለች፤ ማወቋንም አትደብቅም። ሥራዬን አይታ መጀመሪያ አመሰገነችኝ፤ ይህ ደግሞ ክፉ ምልክት ነው። ከዚያ ላፕቶፗን ከፍታ የዚያኑ ፕሮግራም አዲሱን ቨርዥን አሳየችኝ። ሥዕሉ የጠራ ነው፤ የዛፉ ጥላ ይንቀሳቀሳል፤ አማርኛ እንደ ማንኛውም ጽሑፍ ይተየብበታል። ከሁሉ በላይ ደግሞ የተሠራው ጌም ስልክ ላይ ይጫናል።

«አሮጌው የሚሠራው ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው» አለችኝ። «ከየኔታ ተማሪዎች ኮምፒውተር ያለው ማን ነው? ስልክ ግን ሁሉም አለው። በየሄዱበት ጉባኤያቸውን ኪሳቸው ይዘው ይዞራሉ።»

«እኔ ለተማሪዎቹ አይደለም የምሠራው» አልኳት። «ለየኔታ ዓይን ነው።»

«ለዓይናቸውም ቢሆን አዲሱ ይሻላል፤ ይጠራል።»

«መጥራቱ ምን ያደርግላቸዋል? የሚያዩት ትልቁን ነው።»

ተጨቃጨቅን። ስንጨቃጨቅ ደግሞ እንደ ልጅነታችን ነው፤ መጨረሻ ላይ ጌሙ ቀርቶ ማን ምን እንዳለ ነው የምንከራከረው። እልህ ውስጥ ስንገባ የኔታ ይፍረዱ ተባለ። ቅዳሜ ሁለታችንም ገጠር ሄድን፤ ወይራው ሥር ከመደባቸው ፊት ቁጭ ብለን፣ እሷም የእሷን፣ እኔም የእኔን አስረዳን። ለየኔታ የጌም ፕሮግራም ማስረዳት ከባድ ይመስላል፤ አይደለም። ጉባኤ ቤት ሙሉ ዕድሜያቸውን የሁለት ወገን ክርክር ሰምተው የፈረዱ ሰው ናቸው። ሁለት ነገር ብቻ ጠየቁ።

«በአሮጌው ብትቀጥል መቼ ታደርሰዋለህ?»

«ለጥምቀት ተማሪዎቹ ይገባሉ» አልኩ።

«በአዲሱስ?»

እኅቴ ትንሽ አሰበች። «ለፋሲካ የኔታ። ቢዘገይ ለፋሲካ።»

 ከዚያ ፊታቸውን ወደ ባዶዎቹ ጎጆዎች አዙረው «እኔማ እነሱን ሁሉ አውቃቸዋለሁ» አሉ። «እነሱ ናቸው እርስ በርሳቸው የተለያዩት። በአዲሱ ሥሩት፤ ልጆቹ ይዩት።»

ያኔም ልክ አልመሰለኝም፤ አሁንም አይመስለኝም። የየኔታ ፍርድ ግን ይግባኝ የለውም። ጉባኤያችን ውስጥ ከተፈረደ በኋላ የተረታው ወገን የረታውን ያግዛል፤ ሥርዓቱ ነው። ስለዚህ አሮጌውን ዘግቼ እኅቴን ማገዝ ጀመርኩ።

የመጀመሪያው ቀን ነው ነገሩ የተበላሸው። የእኔን ሥራ ወደ አዲሱ ስናሻግር ካርታው ገባ፣ ጎጆው ገባ፣ ወይራው ገባ። እህል የምትሰጠዋን ሴት ጠጋ ብለን ስናነጋግራት ግን ከአፏ የወጣው ነጠላ ሰረዝ፣ ቅንፍ፣ የጥያቄ ምልክትና የፈረንጅ ፊደል ብቻ ነበር። ያ የድሮው ፎንት ልብሱ ወለቀ። የመንደሩ ሰው ሁሉ እንደዚያ ነበር የሚናገረው። እኅቴ መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ ገባትና ሳቋን አቆመች።

«ይህን ሁሉ በድሮው ፎንት ነው የጻፍከው?»

«በምን ልጻፈው? ሌላውን አይቀበልም እኮ ነው የምልሽ።»

የሚቀይር ፕሮግራም አለ ብላ ፈለገች፤ አገኘችም። እሱ ደግሞ ግማሹን ፊደል በሌላ ተካው፤ «ለእግዚአብሔር» የሚለው ቃል ምን ሆኖ እንደወጣ እዚህ አልጽፈውም። ከመጀመሪያው መተየብ ነበረብን። አገር ምድሩ የጽሕፈት ቤት ሰው ይህን ስሕተት ይሠራል፤ አሁንም ባሕር ዳር ሆነ ደብረ ማርቆስ ስንቱ መሥሪያ ቤት የድሮውን ፋይል ከፍቶ ቅንፍና ሰረዝ እያየ እንደሚቀመጥ አውቃለሁ። ያን ማወቄ ግን ቀኑን አልመለሰልኝም።

አዲስ ነገር ሁሉ ደግሞ ኢንተርኔት ይፈልጋል። አሮጌው ፍላሽ ላይ የተወለደ ፕሮግራም ነው፤ ስለ ኢንተርኔት ሰምቶም አያውቅ። አዲሱ ግን በየጊዜው ወደ ባለቤቶቹ ብቅ ብሎ ልከፈት ወይ ብሎ ካልጠየቀ ይዘጋል። ያን ጊዜ እኛ ጋ ኢንተርኔት የለም። ሲመጣም ለጥቂት ሰዓት ነው፤ ወሬ እንኳ ሳይዳረስ ይሄዳል። ፕሮግራሙ ሲዘጋብን እኅቴ ላፕቶፑን አንግታ መስመር ወዳለበት መሥሪያ ቤት ቡሬ ውስጥ ትዞራለች፤ እዚያ ካጣች መንገድ እስኪከፈት ትጠብቅና ባሕር ዳር ትሄዳለች። መንገድ ተዘግቶ ዱርቤቴ ላይ አድራ የተመለሰችበትም ጊዜ ነበር። ስትመለስ እኔ ጋ መብራት የለም።

ጥምቀት አለፈ። ሱቄ ውስጥ ያ አሮጌ ኮምፒውተር ቁጭ ብሎ ያየኛል። አንድ ቀን ከፍቼው አንድ ተማሪ ወይራው ሥር ላቆም እጄን ዘረጋሁ፤ ቢያንስ አንድ ሰው ይዩ ብዬ። ወዲያው ደንበኛ ገባና ተውኩት፤ እንደገናም አልከፈትኩትም። ከፍርድ በኋላ በጓሮ መዞር ነው የሚሆነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። በዚህ ምን ያህል እንደተናደድኩ ለእኅቴ ነግሬያታለሁ፤ እሷም መልሳ በእኔ ፎንት ምን ያህል እንደተናደደች ነግራኛለች።

ፋሲካም አለፈ። የኔታን ልጠይቅ ስሄድ መጀመሪያ ከበሩ ሆነው በቁመቴ ይለዩኝ ነበር። ቆይቶ ስናገር ብቻ ይለዩኝ ጀመር። በግንቦት ጠጋ ብዬ ፊታቸው ቆሜ ዝም ስል ዓይናቸው በእኔ በኩል አልፎ ወደ ግቢው ሄደ። ስለ ጌሙ አልጠየቁኝም። ቢጠይቁኝ ይሻለኝ ነበር።

ያለቀው ክረምቱ ሲወጣ ነው። መቼም ሐቁን እናገራለሁ፣ ያማረ ሥራ ነው። እኅቴ ተማሪዎቹን አንድ በአንድ በመልካቸው፣ በአረማመዳቸው፣ በንግግራቸው ሠርታቸዋለች፤ ለእረፍት ስትመጣ ከእነሱ ጋር ትውል ስለነበር የማንንም ጠባይ አልረሳችም። የሚያነክሰው ያነክሳል፤ የሚተኛው ይተኛል። ስልክ ላይ ሲከፈት የሰው ቁመት ከጥፍሬ ያንሳል።

የተማሪዎቹን ስልክ አፈላልገን ካገኘናቸው ጋር በሰው በሰው ላክንላቸው። አንዱ ቡሬ ላይ ባጃጅ ይነዳል፤ ማታ አየዋለሁ ብሎ በዚያው ጠፋ። ሌላው አዲስ አበባ የግንባታ ሥራ ላይ ነው፤ ስልኩ ሞልቶበት አልጫንም አለው። አንዱ ከፍቶት ኖሮ ደወለልኝና ስለ ጌሙ ምንም ሳይል «የኔታ ደኅና ናቸው?» ብቻ ብሎ ጠየቀኝ። ደኅና ናቸው አልኩት። በሉ ሰላም ሁኑ አለ። የሌሎቹ ስልክ አይሠራም። ብዙ ነገር አልጠበቅኩም ነበር፤ ከዚህ ግን ትንሽ የሚሻል ጠብቄ ነበር።

ለየኔታ ልናሳይ የሄድነው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነው። ማሳየት የሚለውን ቃል ሁለታችንም አልተጠቀምንም። ቤት ውስጥ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ከፊታቸው ቁጭ ብለን ስልኩን እጃቸው ላይ አኖርን። መስተዋቱን በአውራ ጣታቸው ዳበሱት፤ ልስልስ አለባቸው መሰለኝ ፈገግ አሉ። እኔ ጣታቸውን ይዤ ወይራው ሥር አደረስኳቸው። ከዚያ የሚሆነውን ሁሉ እየነገርኳቸው፣ የሚጻፈውን ሁሉ እያነበብኩላቸው ሄድን።

ወይራው ሥር አንድ ተማሪ ቆሟል። ስትነካው ዘንበል ብሎ እጅ ይነሳና ራሱ አስቦ የቆጠረውን ቅኔ ይላል። ያን ቅኔ እኅቴ ያኔ ሰምታ በቃሏ ይዛው ነው የጻፈችው። አነበብኩላቸው። የኔታ አንገታቸውን ቀና አደረጉ።

«ይኸ የዱርቤቴው ልጅ ነው» አሉ።

ከስሕተቱ ነው ያወቁት። ያ ልጅ ሁልጊዜ የቅኔውን ቤት፣ ስንኙን ማለቴ ነው፣ ሳይሞላ ነበር የሚያወርደው፤ መጨረሻው ላይ ይጎድልበታል። እኅቴ ስሕተት መሆኑን አላወቀችም፤ የሰማችውን ነው የጻፈችው። የኔታ ወዲያው የጎደለውን ሞልተው አረሙት። እንደ ድሮው ድምፃቸው ከፍ አለ፤ እኔ ይህን ድምፅ ከሰማሁ ቆይቻለሁ። ከዚያ ጠበቁ። በጉባኤ ቤት መምህሩ ካረመ በኋላ ተማሪው የታረመውን በራሱ አፍ መልሶ ማለት አለበት፤ ካለው «ይበል» ይባላል፤ እስኪለው ድረስ መምህሩ ወደ ሌላ አያልፍም።

«በል እንጂ» አሉ ለስልኩ።

ነካሁት። ተማሪው እጅ ነሣና ያንኑ የጎደለውን አለ። አሮጌውም ሆነ አዲሱ እንዲህ ነው፤ ሌላ ካላዘዝከው አንድ ሰው ያለው አንድ ንግግር ነው። እንዳለ አነበብኩላቸው። የኔታ እንደገና አረሙት፤ በዚህኛው ቀስ ብለው፣ ቃል በቃል እየለዩ፣ ለማንም ታግሠው አይቼ በማላውቀው ትዕግሥት። ከዚያ ጆሯቸውን ወደ ስልኩ አዘንብለው ጠበቁ።

እኅቴን አየኋት፤ አየችኝ። ስልኩን ነካሁና ስክሪኑ ላይ ያለውን ትቼ የታረመውን ከራሴ አልኩላቸው። ቅኔ ባይገባኝም ቃሉን ይዤው ነበር፤ አንድም አላጎደልኩም።

የኔታ «ይበል» አላሉም። ዓይናቸውን ወደ እኔ በኩል መለሱ።

«ይኸን ያልኸው አንተ ነህ» አሉኝ። «እሱ እንዲህ ቶሎ አይቀበለኝም ነበር።»

  እኅቴ ጉልበታቸውን ይዛ «እርማቱን እንዲቀበል አድርጌ እሠራዋለሁ የኔታ» አለቻቸው። «ቀላል ነው፤ ጥቂት ቀን ብቻ ይስጡኝ። ሁሉንም የሚታረሙ አደርጋቸዋለሁ።»

«ለማን ልጄ?» አሉ።

በቁጣ አልነበረም፤ መልሱን ፈልገው ነው የጠየቁት።  የኔታ ትንሽ ጠበቁን፤ ተማሪ መልስ ሲያጣ እንደሚጠብቁት ያህል። ከዚያ ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው መለሱልኝና ፀሐይ ወጥታ እንደሆነ ጠየቁኝ። ወጥታለች አልኳቸው። ደግፌ አወጣኋቸውና ግድግዳውን ተደግፈው ተቀመጡ።